በብረት ላይ ያለ ልባስና የእጅ መለኪያው
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




ሁለት መሐንዲሶች በአንድ የብረት የውኃ ታንከር ሥር ቆመዋል እንበል። አንደኛው የሥራ ተቋራጩ፣ ሁለተኛው የአማካሪው ባልደረባ ነው። ሁለቱም ከሲጋራ ፓኮ እምብዛም የማይበልጥ መለኪያ በእጃቸው ይዘዋል። የመሠረት ቀለሙ ከተቀባ ሳምንት አልፎታል። የተቋራጩ መሣሪያ 80 ማይክሮን ያነባል፤ የአማካሪው ግን በዚያው ሥፍራ ላይ 55 ይላል። ውሉ የሚጠይቀው 75 ነው። አንደኛው ቁጥር ክፍያ ያስፈቅዳል፤ ሁለተኛው መሰላሉ እንደ ገና እንዲቆምና ታንከሩ እንደ ገና እንዲቀባ ያስገድዳል። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ሁለቱም መሣሪያዎች ደኅና፣ ሁለቱም ሰዎች ሐቀኞች ሊሆኑ መቻላቸው ነው። እንዲህ ያለው ክርክር በሥራ ቦታ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚፈታው በዕውቀት ሳይሆን ድምፁ ከፍ ባለው ወገን በኩል መሆኑ የታወቀ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ሁለቱ ቁጥሮች ከየት እንደ መጡ ማሳየት ነው።

በብረት ላይ የሚደረበው ማናቸውም ቀለም፣ ዚንክ፣ ኒኬል ወይም ክሮም ከዚህ በታች ልባስ እየተባለ ይጠራል። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ሲሆን፣ የሰው ጠጉር ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ይወፍራል። ስለሆነም የአንድ ድልድይ ወይም የአንድ ጣሪያ ዕድሜ የሚወሰነው ከጥቂት ጠጉሮች ውፍረት በማይበልጥ፣ አንዳንድ ጊዜም የጠጉርን ሲሶ በማያህል ንብርብር ነው ማለት ይቻላል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

የዚህ ንብርብር ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት በስኮትላንድ የሚገኘውን የፎርዝ የባቡር ድልድይ መመልከት ይበቃል። ድልድዩ በ1890 ከተከፈተ ወዲህ አንዱ ጫፍ ተቀብቶ ሌላው ሳይደረስበት የመጀመሪያው እንደ ገና ቀለም ይፈልጋል ይባል ስለ ነበር፣ ስሙ በእንግሊዞች ዘንድ ማለቂያ ለሌለው ሥራ መጠሪያ ሆኖ ኖረ። ከ2002 እስከ 2011 በተካሄደው እድሳት ግን የቀድሞው ቀለም እስከ ብረቱ ድረስ ተጠርጎ በሦስት ንብርብር ተተካ፤ ይኸውም 35 ማይክሮን ያህል ዚንክ ያለበት የመሠረት ቀለም፣ በላዩ 350 ማይክሮን ያህል የመስተዋት ቅንጣት የተቀላቀለበት ኤፖክሲ፣ ከዚያም 35 ማይክሮን ያህል ፖሊዩሬቴን ነው። የተቀባው ስፋት 230,000 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ልባሱ ቢያንስ ሃያ አምስት ዓመት ይቆያል ተብሎ ይጠበቃል። ይህ ተስፋ የቆመው በ350ው ላይ ነው። 350ው በየቦታው ወደ 200 ቢወርድ ከመሬት ቆሞ ድልድዩን የሚያደንቅ ዓይን ልዩነቱን ፈጽሞ አይለየውም፤ ቀለሙ ያው ቀይ፣ አንጸባራቂነቱም ያው ነው። ስለዚህ በእጅ የሚያዘው ትንሽ መለኪያ የማይታየውን የሚመሰክር ብቸኛ ምስክር ሆኖ ይቀርባል። ምስክር ደግሞ ምን እንዳየና ከየት ሆኖ እንዳየ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ቀድሞ የልባስ ውፍረት የሚታወቀው ዕቃውን በማበላሸት ነበር። ናሙናው ተቆርጦ ጠርዙ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ወይም ልባሱ በአሲድ ሟሙቶ የጎደለው ክብደት ይመዘናል። ሁለቱም ዘዴዎች ዛሬም ቢሆን ዳኞች ናቸው፤ ነገር ግን ማንም ሰው የተሠራን ድልድይ ቆርጦ ማይክሮስኮፕ ሥር አያደርግም። በዋሽንግተን በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ይሠራ የነበረው ኬሚስት አብነር ብሬነር በ1937 እና በ1938 ባሳተማቸው ጥናቶች በማግኔት መሳሳብ ላይ የተመሠረተ፣ ዕቃውን የማይነካ ዘዴ አቀረበ። የመጀመሪያው ጥናት ማግኔት በማይስበው ብረት ላይ የተለበጠን ኒኬል፣ ሁለተኛው በብረትና በአረብ ብረት ላይ ያለን ማግኔት የማይስበው ልባስ ለመለካት የታሰበ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ የፋብሪካዎች ሥራ ሆነ፤ ኤልኮሜትር በ1947 በእንግሊዝ አገር በማንችስተር፣ የሄልሙት ፊሸር ኩባንያ በ1953 በጀርመን አገር ተቋቋሙ፤ ሁለቱም ዛሬ በዚህ መስክ የታወቁ ስሞች ናቸው።

የብሬነር ሐሳብ ለማንም ሰው ቀላል ነው። ማግኔትን በብረት ላይ አሳርፎ ለማላቀቅ የሞከረ ሁሉ ጉልበት እንደሚጠይቅ ያውቃል። በመካከል አንድ ወረቀት ቢገባ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ሁለት ቢገባ ይበልጥ ይቀንሳል። በዚህ መሠረት የሚሠራው የእጅ መለኪያ ትንሽ ማግኔትና እርሱን የሚጎትት ሞላ አለው። ተጠቃሚው ክብ መዘውሩን በዝግታ ያዞራል፤ ሞላው እየተወጠረ ሄዶ ማግኔቱ በድንገት ሲላቀቅ መዘውሩ የቆመበት ቁጥር ይነበባል። ባትሪ አይፈልግም፤ ብልጭታ በሚያስፈራበት የነዳጅ ማከማቻ ውስጥ ሳይቀር የሚወደደው ለዚህ ነው። ጠላቱ ችኮላ ነው። ማግኔቱ ከተላቀቀ በኋላ እጁን ያላቆመ ሰው የሚያነበው የልባሱን ውፍረት ሳይሆን የራሱን አለመታገሥ ነው። ገና ያልደረቀ ቀለምም ማግኔቱን እንደ ሙጫ ይዞ ስለሚያስቀር ልባሱን ከእውነቱ የቀጠነ ያስመስለዋል።

ዛሬ በብዛት የሚታዩት ኤሌክትሮኒክ መለኪያዎች በሁለት ይከፈላሉ። ለብረትና ለአረብ ብረት የሚሆነው በዳሳሽ ጫፉ ውስጥ የሽቦ ጥቅል ይዞ ዝግ ባለ ድግግሞሽ የሚለዋወጥ ማግኔታዊ መስክ ይፈጥራል፤ ጫፉ ወደ ብረቱ በቀረበ መጠን መስኩ ይበረታል፣ በራቀ መጠን ይደክማል። ለአሉሚኒየም፣ ለመዳብና ለመሳሰሉት የሚሆነው ደግሞ በከፍተኛ ድግግሞሽ ይሠራል፤ በብረቱ ገጽ ላይ እንደ ወንዝ አዙሪት የሚሽከረከር የኤሌክትሪክ ጅረት ያስነሣል፤ ያ ጅረት በጥቅሉ ላይ የሚያሳድረው ተቃውሞ እንደ ርቀቱ ይለያያል። ለመጀመሪያው አይኤስኦ 2178፣ ለሁለተኛው አይኤስኦ 2360 የተባሉት ዓለም አቀፍ ደረጃዎች ይሠራሉ። ብዙዎቹ አዳዲስ መሣሪያዎች ሁለቱን በአንድ ጫፍ አጣምረው ከሥራቸው ያለውን ብረት ራሳቸው ይለያሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ከተጠቀሱት ዘዴዎች ውስጥ አንዱም ቀለሙን አያየውም። የሚያዩት ብረቱን ነው፤ ቀለሙ ለእነርሱ ባዶ ሥፍራ ነው። በቀለም ፈንታ የሲጋራ ወረቀት፣ አቧራ ወይም አየር ቢሆን መሣሪያው ቁጥር ከመስጠት አይቆጠብም። የሚሰጠውም ቁጥር በእውነቱ «ጫፌ ከብረቱ ይህን ያህል ርቋል» የሚል ነው፤ ርቀቱ የሚቆጠረው ደግሞ ሰው «ዜሮ እዚህ ነው» ብሎ ካሳየው ቦታ ጀምሮ ነው። ዜሮውን ያሳየው ሰው ከተሳሳተ መሣሪያው በታማኝነት ይሳሳታል።

ያገለገለ መኪና የሚገዙ ሰዎች ይህን በገዛ መንገዳቸው ያውቁታል። ጋራዥ ውስጥ ስቱኮ የተለሰነበትን ላሜራ ለማግኘት በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ማስጠጋት የቆየ ዘዴ ነው። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 150 ማይክሮን ሲሆን፣ ስቱኮ ግን በሚሊሜትር የሚቆጠር ስለሆነ ማግኔቱ ይረሳዋል። ሆኖም በአንዳንድ መኪናዎች ላይ የሞተር ክዳኑ ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለሆነ ማግኔቱ ፈጽሞ አይያዝም፤ ነጋዴው ያለ ጥፋቱ ሲወቀስ የሚታየው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ወደ ታንከሩ እንመለስ። ቀለም እንዲይዝ ሲባል ላሜራው በአሸዋ ግፊት ሲጸዳ ገጹ ይሻክራል፤ በማጉያ መነጽር ለሚያየው ሰው ተራራና ሸለቆ ይመስላል። ቀለሙ ሸለቆውን ሞልቶ ተራራውን ይሸፍናል። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ግን ከተራራው ጫፍ በላይ ያለው ብቻ ነው፤ ዝገት መጀመሪያ ብቅ የሚለው በጫፉ ላይ ነውና። መለኪያው በበኩሉ ጫፉንም ሸለቆውንም አይለይም፤ ማግኔታዊ መስኩ ከሁለቱ መካከል አንድ ቦታ ላይ ያለን ምናባዊ ገጽ እንደ ብረት ይቆጥራል። ዜሮው በልሙጥ ብረት ላይ የተስተካከለ መሣሪያ በሻካራ ብረት ላይ ሲያርፍ ከተራራው ጫፍ በታች ያለውን ቀለም ጨምሮ ያነባል ማለት ነው። አይኤስኦ 19840 የተባለው ደረጃ ለዚህ መፍትሔ ያበጀ ሲሆን፣ በልሙጥ ብረት ላይ ከተስተካከለ መሣሪያ ንባብ ላይ ለደቃቅ ሻካራነት 10፣ ለመካከለኛ 25፣ ለጉልህ 40 ማይክሮን እንዲቀነስ ያዛል። የሻካራነቱ ደረጃ ካልታወቀ 25 ይቀነሳል።

ከዚህ የተነሣ የሁለቱ መሐንዲሶች ክርክር ይገለጣል። ተቋራጩ መሣሪያውን ከሣጥኑ ጋር በመጣው ልሙጥ የብረት ቁራጭ ላይ አስተካክሎ ያነበበውን እንዳለ ጻፈ፤ 80 ሆነ። አማካሪው 25ን ቀነሰ፤ 55 ሆነ። ሁለቱም አልዋሹም፤ ውሉ ግን ዝም ብሏል። «75 ማይክሮን» ብሎ የሚያበቃ ውል ዜሮው የት እንደሚጀምር ስላልተናገረ በሁለት ዋጋ የተፈረመ ውል ነው። ደረጃው በውሉ ተጠቅሶ ቢሆን ኖሮ 55 ትክክል ይሆን ነበር፤ ታንከሩም እንደ ገና መቀባቱ አይቀርም ነበር። ደረጃው ሳይጠቀስ ሲቀር ግን ተቋራጩን ሐሰተኛ ማለት ፍትሕ አይደለም። በውል አዘጋጆች ዘንድ ይህ አንድ መሥመር ለምን እንደሚዘለል ለመረዳት ያዳግታል፤ ዋጋው የአንድ ዓረፍተ ነገር ቀለም ብቻ ነውና።

ስንት ጊዜ እንደሚለካም ሌላው የክርክር ምንጭ ነው። በ2021 ከዝገት መሐንዲሶች ማኅበር ጋር የተዋሐደው የአሜሪካው የመከላከያ ልባሶች ማኅበር ያወጣው ፒኤ 2 የተባለ መመሪያ በየ10 ካሬ ሜትሩ አምስት ነጥቦች እንዲለኩ፣ እያንዳንዱም ነጥብ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ክብ ውስጥ የተወሰዱ ቢያንስ የሦስት ንባቦች አማካይ እንዲሆን ያዛል። በአይኤስኦ በኩል አማካዩ ከተጠየቀው እንዳያንስ፣ ማናቸውም ንባብ ከተጠየቀው 80 በመቶ እንዳይወርድ፣ በ80ና በ100 በመቶ መካከል የሚውሉትም ከጠቅላላው ከ20 በመቶ በታች እንዲሆኑ ይፈለጋል። ለ75 ማይክሮን ወለሉ 60 መሆኑ ነው። የመርከቦች ሕግ ከዚህም ይጠብቃል፤ ዓለም አቀፉ የባሕር ጉዞ ድርጅት በ2006 ባወጣው ውሳኔ የመርከብ ማመጣጠኛ ውኃ የሚያዝባቸው ክፍሎች ልባስ 320 ማይክሮን እንዲሆንና ከ90 በመቶው በታች የወረደ አንድም ንባብ እንዳይገኝ ደንግጓል።

ነገር ግን መሣሪያው ጨርሶ የማያይበት ቦታ አለ፤ እርሱም ጠርዝ ነው። ማግኔታዊ መስኩ በጠርዝ ላይ ስለሚበተን ከጠርዝ 25 ሚሊሜትር ያህል ያልራቀ ንባብ አይታመንም። የሚያሳዝነው ግን እርጥብ ቀለም በገጸ ውጥረቱ ምክንያት ከስለታም ጠርዝ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ልባሱ ከሁሉ ቦታ ይልቅ የሚሳሳው በዚያው በጠርዙ መሆኑ ነው። መለኪያው ዕውር በሆነበት ቦታ ዝገት ዓይኑን ይከፍታል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ቀቢዎች ጠርዙን፣ ብየዳውንና የቡሎኑን ራስ በብሩሽ አስቀድመው ለብቻው ይቀባሉ፤ ተቆጣጣሪውም ይህ መደረጉን የሚያረጋግጠው በመሣሪያ ሳይሆን ቀቢው ሥራ ላይ ሳለ ቆሞ በማየት ነው።

በቀለጠ ዚንክ የሚነከሩት ወፋፍራም ብረቶች ለእጅ መለኪያ ከሁሉ የሚመቹ ናቸው። ከሕዳሴው ግድብ በደዴሳ በኩል ወደ ሆለታ ኃይል የሚያደርሰውን የ500 ኪሎ ቮልት መስመር የመሳሰሉ የኤሌክትሪክ መስመሮችን የሚሸከሙ የብረት ማማዎች በዚህ መንገድ ይጠበቃሉ። በአይኤስኦ 1461 መሠረት ከ6 ሚሊሜትር በላይ በሚወፍር ብረት ላይ የዚንኩ አማካይ ውፍረት ቢያንስ 85 ማይክሮን፣ በአንድ ሥፍራ የሚገኘውም ከ70 የማያንስ መሆን አለበት፤ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ለሚወፍረው 70ና 55 ናቸው። ብረቱ ወፍራም፣ ገጹ ጠፍጣፋ፣ ልባሱም ደኅና ውፍረት ያለው ስለሆነ ጠዋት በአግባቡ የተስተካከለ መሣሪያ እስከ ማታ እምነት ሊጣልበት ይችላል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ከሁሉ የበዛው ነው፤ ይኸውም የጣሪያ ቆርቆሮ። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚታወቀው ይህ ዕቃ ዛሬ በከተማም በገጠርም ሣርን ተክቷል። ገዢው የሚጠይቀው ስንት ጌጅ እንደ ሆነ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው እንደሚወፍርም ያውቃል። ነገር ግን ጌጅ የሚናገረው ስለ ጠቅላላው ሉህ ነው፤ ስለ ዚንኩ አንዲት ቃል አይተነፍስም። የዚንኩ መጠን የሚነገረው በሌላ ቁጥር፣ በሁለቱ ገጾች ላይ በካሬ ሜትር በሚገኘው ግራም ነው። የዚንክ እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.14 ግራም ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በካሬ ሜትር 100 ግራም ያለው ሉህ በአንድ ገጹ 7 ማይክሮን፣ 275 ግራም ያለው 19 ማይክሮን ያህል ይኖረዋል። ሁለቱ ሉሆች 0.25 ሚሊሜትር ወፍረው፣ በአንድ ዓይነት ብልጭታ አብርተው ጎን ለጎን ሊሸጡ ይችላሉ። መካከለኛ የዝገት ጠባይ ባለው አየር ዚንክ በዓመት ከ0.7 እስከ 2.1 ማይክሮን ይበላል። አንድ ማይክሮን ቢወሰድ የአንዱ ዚንክ በሰባት ዓመት፣ የሌላው በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልቃል ማለት ነው። በቁጠባ ገንዘብ ጣሪያ ላለበሰ ቤተሰብ በሁለቱ መካከል ያለው አሥራ ሁለት ዓመት ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ መለኪያውን ቆርቆሮው ላይ አሳርፎ ማንበብ አይበቃምን? አይበቃም። በመጀመሪያ፣ የጥሩ መሣሪያ ስሕተት በዝቅተኛ ውፍረት ላይ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን ይደርሳል፤ በ85 ላይ ይህ ኢምንት ነው፣ በ7 ላይ ግን ሩብ ያህል ነው። ሁለተኛውና የባሰው፣ ሉሁ ከመሣሪያው መስክ ይልቅ ቀጭን መሆኑ ነው። መስኩ በሉሁ ውስጥ አልፎ ወደ አየር ይወጣል፤ መሣሪያውም የብረቱን ማነስ እንደ ልባስ መወፈር ይቆጥረዋል። በወፍራም ብረት ላይ ዜሮው የተስተካከለ መለኪያ ስስ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ዚንኩን አብዝቶ ያነባል፤ ማለትም ከመግዛት ሊያድን የሚገባው መሣሪያ ለሻጩ ጠበቃ ይሆናል። የሉሁ ሞገድም በበኩሉ ንባቡን ያዛባል። በቀለም በተለበጠው በኢጋ ቆርቆሮ ላይ ደግሞ ማግኔታዊው መለኪያ ቀለሙንና ዚንኩን ደምሮ ስለሚያነብ 32 ማይክሮን የሚል ንባብ 25 ቀለምና 7 ዚንክ፣ ወይም 13 ቀለምና 19 ዚንክ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ዕቃ ላይ ዳኛው ሚዛን ነው። በአይኤስኦ 1460 መሠረት ስፋቱ በትክክል የታወቀ ቁራጭ ይመዘናል፤ ብረቱን እንዳይበላ የሚከለክል ሄክሳሚን በተጨመረበት የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ይነከራል፤ አረፋው ሲያቆም ዚንኩ አልቋል፤ ታጥቦና ደርቆ እንደ ገና ይመዘናል። የጎደለው ግራም ለስፋቱ ሲካፈል መልሱ ይገኛል። ቀለም ያለበት ከሆነ ቀለሙ አስቀድሞ ይላጣል። በግራም መቶኛ የሚመዝን ሚዛን፣ ጓንት፣ የዓይን መከላከያና አየር የሚያገኝ ክፍል ያለው ማናቸውም የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሊሠራው የሚችል ነው። ብዙ ሺህ ሉህ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ከየጭነቱ ጥቂት ቁራጮችን በዚህ ቢያስፈትን የሚያወጣው ወጪ ከአንድ ሉህ ዋጋ እምብዛም አይርቅም።

ያም ሆኖ የእጅ መለኪያው ከቆርቆሮ መጋዘን ፈጽሞ ይባረር ማለት አይደለም። ቁራጩ በአሲድ ዚንኩን ካጣ በኋላ ከዚያው ሉህ የወጣ፣ የዚያው ሉህ ውፍረት ያለው ባዶ ብረት ሆኗል። መሣሪያው ዜሮውን በዚያ ቁራጭ ላይ በሞገዱ ጠፍጣፋ ጎን ካስተካከለና ውፍረቱ የታወቀ ስስ የፕላስቲክ ቅጠል ተደርቦበት ከተፈተሸ በኋላ፣ ከአንድ ጭነት ውስጥ ከሌሎቹ የሳሳውን ሉህ ለይቶ ለማውጣት ያገለግላል፤ የወጣውም ሉህ ወደ ሚዛኑ ይላካል። በመዝገቡ ላይ ከንባቡ ጎን ዜሮው በየትኛው ቁራጭ ላይ እንደ ተስተካከለና በየትኛው ቅጠል እንደ ተፈተሸ ይጻፋል። ቁራጩም ከደረቀ በኋላ ዘይት ተቀብቶ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ መቀመጥ፣ በሚፈለግበትም ጊዜ ዘይቱ በደንብ መጠረግ አለበት፤ እንዲሁ ጠረጴዛ ላይ ቢተው ጥቂት ቀን ሳይቆይ ራሱ ይዝግና ዜሮነቱን ያጣል።